የማውስ ቀስት ስክሪን ላይ ሲጠፋብን፦ ቀለሙንና መጠኑን ለሥራችን የማስማማት ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው በቀን ደጋግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ማውሱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። በዚያች ቅጽበት የሚሠራው ሥራ የለም፤ ቀስቱን እየፈለገ ነው። ፍለጋው ጥቂት ሴኮንድ ስለሚወስድ ማንም አይቆጥረውም። ቀኑን ሙሉ ውል፣ ማመልከቻና ደብዳቤ ለሚተይብ ሰው ግን ሲደማመር ብዙ ጊዜ ነው፤ ማምሻውን ለሚሰማው የዓይን ድካምም የራሱ ድርሻ አለው።

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ሥር በተከፈቱት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ኮምፒውተር ስለምጠግን ይህን ሁልጊዜ አያለሁ። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ ብርሃንም ደንበኛም እንዲገባ ፊታቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ ይውላል። አንዳንዱ ቤት ጠዋት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ታርፍበታለች። ስክሪኖቹ አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው፤ የቀድሞ ድምቀታቸው የለም። በዚህ ላይ ዊንዶውስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ቀስት ነጭ ነው፤ ዙሪያውን የሚከበው አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነው። የዎርድ ገጽ ነጭ፣ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነጭ፣ የኢሜይል ገጽ ነጭ። ነጭ ነጠላን ከነጭ ግድግዳ ላይ ከሩቅ እንደመለየት ነው።

ሰዉ ግን ጥፋቱን የሚጥለው በዓይኑ ላይ ነው። የእድራቸውን ደብዳቤና የአባላት ዝርዝር በዎርድ የሚጽፉ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እኔ እኮ ዓይኔ አልቋል፤ ይህን ነገር ለወጣት ላስረክብ» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ቀስቱን እናስተካክለው፤ ስለ ዓይንዎ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አልኳቸው። ቀስቱን ጥቁር አድርጌ መጠኑን ሁለት ደረጃ ከፍ ሳደርገው፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ጥቂት ካዩ በኋላ መተየባቸውን ቀጠሉ። ለዓይን ሕመም ሐኪም ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ከፋብሪካ የመጣው ቀስት ለእርስዎ ጠረጴዛ፣ ለእርስዎ ብርሃንና ለእርስዎ ሥራ ታስቦ የተመረጠ አይደለም። መለወጡ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

የየዝርዝሩን ስም በእንግሊዝኛው አጠራር በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ እዚህ አካባቢ የማገኛቸው ኮምፒውተሮች ሁሉም ለማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ናቸውና።

ከሁሉ በፊት ብርሃኑን ያስተካክሉ

ፀሐይ የሚመታው ስክሪን ላይ የተመረጠ ቀለም ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። ስክሪኑ ፊቱን ወደ በሩ ከሰጠ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፤ ጀርባውን ከሰጠ ደግሞ እርስዎ በሩን ትይዩ ስለሚቀመጡ የውጭው ብርሃን ዓይንዎን ይወጋል። ጠረጴዛውን አዙረው በሩ በጎንዎ፣ በግራ ወይም በቀኝ፣ እንዲሆን ያድርጉ። ቤቱ ጠቦ ይህ የማይቻል ከሆነ ስክሪኑን ብቻ በትንሹ ያጋድሉት፤ ከላይ የሚመጣው ነጸብራቅ ወደ ታች እንዲወርድ አናቱን ወደ እርስዎ ያዘንብሉት።

ቀጥሎ የስክሪኑን ድምቀት ያሳድጉ። ዴስክቶፕ ላይ ይህ የሚሆነው በዊንዶውስ ውስጥ ሳይሆን በራሱ በስክሪኑ ቁልፎች ነው፤ ከታችኛው ጠርዝ ወይም ከጀርባው ይገኛሉ። «ብራይትነስ» የሚለውን ቀን ላይ ከፍ፣ ማታ ላይ ዝቅ ያድርጉ። ላፕቶፕ ከሆነ የፀሐይ ምልክት ያለባቸው ቁልፎች ያገለግላሉ። ቻርጀሩ ሲነቀል ላፕቶፑ ራሱ ድምቀቱን ሊቀንስ እንደሚችል አይዘንጉ፤ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩ ቀስቱ «ደበዘዘብኝ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በዊንዶውስ 11 እና 10 ቀለሙንና መጠኑን መለወጥ

ቀስቱ ጠፍቶብዎት ከሆነ በማውስ መንገድ አይፈልጉ፤ ኪቦርዱ ያደርስዎታል።

1. የዊንዶውስ አርማ ያለበትን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ «ዩ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ይጫኑ። በዊንዶውስ 11 «አክሰሲቢሊቲ»፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ» የሚባለው የሴቲንግስ ክፍል ይከፈታል።

2. በዊንዶውስ 11 ከዝርዝሩ «ማውስ ፖይንተር ኤንድ ተች» የሚለውን ይምረጡ። በዊንዶውስ 10 በስተግራ ካለው ዝርዝር «ማውስ ፖይንተር» የሚለውን ይምረጡ።

3. አራት የቀስት ሥዕሎች ጎን ለጎን ተደርድረው ያያሉ፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ተገልባጭ፣ እና ቀለሙን ራስዎ የሚመርጡለት። አንዱን ሲነኩ ለውጡ ወዲያው ይታያል፤ «አስቀምጥ» የሚባል ቁልፍ የለውም።

4. አራተኛውን ከመረጡ ከሥሩ የተዘጋጁ ቀለሞች ይዘረጋሉ። ከእነዚህ የሚስማማ ካጡ የመደመር ምልክት ያለበትን ሳጥን ከፍተው የፈለጉትን ቀለም በትክክል መወሰን ይችላሉ።

5. መጠኑ ከ1 እስከ 15 በሚሄድ ተንሸራታች ይስተካከላል። ሲጫን 1 ላይ ነው።

የዊንዶውስ 10 ገጽ ሦስት ቀለሞችንና ሦስት መጠኖችን ብቻ የሚያሳይዎት ከሆነ ኮምፒውተሩ ብዙ ዘመን ሳይታደስ ቆይቷል ማለት ነው። ቀለም የመምረጡ ነገር ወደ ዊንዶውስ 10 የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው እድሳት ነው። እስኪያድሱት ድረስ ትልቁን ጥቁር ይምረጡ፤ ለብዙ ሥራ በቂ ነው።

በመጠኑ ላይ አንድ ምክር ልስጥ። ለጽሕፈት ሥራ 3 ወይም 4 በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። 15 ድረስ መውሰድ ደስ ይላል፤ ግን ቀስቱ ራሱ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ይሸፍናል። ትልቅ ቀስት ሲለምዱ ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ የሚነካው ጫፉ ብቻ ነው። ቀስቱ የቱንም ያህል ቢገዝፍ የሚቆጠረው የላይኛው ሹል ነጥብ የት ላይ እንዳረፈ ነው። ጀማሪዎች የቀስቱን ሆድ ቁልፉ ላይ አሳርፈው «አልሠራ አለኝ» የሚሉት በዚህ ነው።

የትኛው ቀለም?

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የሚወደውን ቀለም ነው። መምረጥ ያለበት ግን ቀኑን ሙሉ ከቀስቱ ሥር ከሚውለው ቀለም የሚርቀውን ነው። የቀለሞች ርቀት በቁጥር ይለካል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ ሥራ ለመሥራት መታየት ያለባቸው ምልክቶች ከአጠገባቸው ካለው ቀለም ጋር ያላቸው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 3 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። መለኪያው የተዘጋጀው ለድረ ገጾች ነው፤ ለቀስታችንም ግን ጥሩ ሚዛን ይሆናል። ከፍተኛው ንጽጽር የጥቁርና የነጭ ሲሆን 21 ለ1 ነው።

በዚህ ሚዛን የዎርድን ነጭ ገጽ እንፈትሽ። ቢጫ ከነጭ ጋር ያለው ንጽጽር 1.07 ለ1 ብቻ ነው፤ የለም ከማለት አይለይም። ደማቁ አረንጓዴ 1.4 ገደማ ነው። ደማቅ ሐምራዊ ሮዝ 3.1 ገደማ፣ ደማቅ ቀይ 4፣ ደማቅ ሰማያዊ 8.6፣ ጠቆር ያለው ወይን ጠጅ ደግሞ ከ9 በላይ ይደርሳል። ስለዚህ በነጭ ገጽ ላይ ለሚተይብ ሰው ብዙዎች የሚወዱት ያ ሎሚ የመሰለ አረንጓዴ የሚያምር እንጂ የሚረዳ አይደለም፤ የሚያድነው ዙሪያውን የከበበው ጥቁር መስመር ነው። ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ይምረጡ።

ጥቁር ገጽ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቢጫ 19.6፣ ደማቅ አረንጓዴ 15 ገደማ ሲሆን ሰማያዊ 2.4 ላይ ይወድቃል። የቤት ፕላን በአውቶካድ የሚሠሩ፣ ወይም ፕሮግራሞቻቸውን ሁሉ በጨለማ ገጽታ የሚጠቀሙ ሰዎች ቢጫን ወይም አረንጓዴን ያለ ስጋት ይውሰዱ።

ፀሐይ ለሚመታው ቤት ሌላ ስሌት አለ። ከውጭ የሚመጣ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ በሁሉም ቀለም ላይ ነጭነት ይጨምራል። ቀዩ ሮዝ፣ አረንጓዴው አመድማ ይመስላል። በዚያ ሰዓት የቀለሙ ዓይነት ብዙም አይረዳም፤ የሚረዳው ጥቁረቱ ነው። በነጭ ገጽ ላይ የሚሠሩ ከሆነና ከፀሐይ ማምለጥ ካልቻሉ ምርጫዎ ያለ ማመንታት ትልቅ ጥቁር ቀስት ይሁን።

ማታ የስክሪኑን ብርሃን ወደ ቢጫነት የሚለውጠውን «ናይት ላይት» የሚጠቀሙ ሰዎችም ቢጫ ቀስትን ይተዉት፤ ገጹ ራሱ ቢጫ ስለሚሆን አብሮ ይጠፋል። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግረው ሰው ደግሞ (ይህ በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ በብዛት የሚታይ ነው) ሰማያዊና ቢጫ አስተማማኝ ናቸው።

ሦስተኛው ሥዕል፣ ተገልባጩ፣ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ይህ ቀስት የራሱ ቀለም የለውም፤ ያረፈበትን ቀለም ገልብጦ ያሳያል። ነጭ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ላይ ነጭ፣ ሰማያዊ ላይ ቢጫ ይሆናል። ሲሰሙት ፍጹም መፍትሔ ይመስላል፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ቀለም መጠን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ መገልበጥ ማለትም ያንን ቁጥር ከ255 መቀነስ ነው። መካከለኛው ግራጫ 128 ነው። ከ255 ላይ 128 ሲቀነስ 127 ይቀራል፤ ያው ግራጫ! ቀስቱ በመካከለኛ ግራጫ ላይ ሲያርፍ ከነጭራሹ ይሰወራል። የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ ለሚያስተካክል፣ ግራጫ ገጽታ ባለው ፕሮግራም ውስጥ ለሚውል ሰው ተገልባጩን አልመክርም። ነጭ ሰነድና ጥቁር ገጽታን እያፈራረቀ ለሚሠራ ሰው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በአሮጌው ዊንዶውስና በድሮው የማውስ ሳጥን

በየመንደሩ ጽሕፈት ቤት ዛሬም ዊንዶውስ 7 አለ። የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቢቋረጥም ማሽኑ የሚችለው እሱን ስለሆነ ይሠሩበታል። እዚያም የዊንዶውስ ቁልፍና «ዩ» አብረው ሲጫኑ የእገዛው ማዕከል ይከፈታል። «ሜክ ዘ ማውስ ኢዝየር ቱ ዩዝ» በሚለው ሥር ዘጠኝ ምርጫዎች አሉ፦ ነጭ፣ ጥቁርና ተገልባጭ፣ እያንዳንዳቸው በሦስት መጠን። የፈለጉትን ቀለም መምረጥ አይቻልም፤ ትልቁን ጥቁር መርጠው «አፕላይ» ይበሉ።

ከዊንዶውስ 7 እስከ 11 ሳይለወጥ የኖረ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ሳጥን ደግሞ አለ። ስታርትን ከፍተው «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ ይግቡና «ማውስ» የሚለውን ይክፈቱ። «ፖይንተር ኦፕሽንስ» በሚለው ትር (ታብ) ግርጌ ሦስት ጠቃሚ ነገሮች ተሰልፈዋል።

ከሦስቱ አብልጬ የምወደው የመጨረሻው ነው፤ የ«ኮንትሮል» ቁልፍ ሲጫን ቀስቱ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው። ሳጥኑ ላይ ምልክት ካደረጉ በኋላ ቀስቱ በጠፋብዎት ጊዜ ሁሉ ኮንትሮልን ብቻ ተጭነው ይልቀቁ፤ እየጠበበ የሚሄድ ክብ ቀስቱን ከቦ ያሳይዎታል። የቀስቱን መልክ መቀየር ለማይፈልግ ሰው ይህ ብቻውን ይበቃዋል። እኔ በምጠግነው ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ባለቤቱን አስፈቅጄ እከፍተዋለሁ፤ የሚያውከው ሥራ የለም።

«ሃይድ ፖይንተር ዋይል ታይፒንግ» የሚለው ሲተይቡ ቀስቱን ይሰውራል፤ ሲጫን ጀምሮ ክፍት ነው። ከእጅ ጽሑፍ እያየ ለሚገለብጥ ጸሐፊ እንዳለ ይቆይለት፤ ቀስቱ ፊደል ላይ አርፎ አያስቸግረውም፣ ማውሱን ነካ ሲያደርገውም ይመለሳል። ለጀማሪና ለአዛውንት ግን ይዝጉላቸው። ዓይናቸውን ከኪቦርዱ ሲያነሱ ቀስቱን የሚያጡት በዚህ ነውና። ሦስተኛው ከቀስቱ ኋላ ጭራ የሚያስከትለው ነው። በደበዘዘ ስክሪን ላይ እንቅስቃሴውን ለመከተል ይረዳል፤ ጥራት ባለው ስክሪን ላይ ግን ዓይን ያታክታል።

የምትርገበገበው መስመር

በጽሑፍ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንዱ ከማውሱ ጋር የሚንቀሳቀሰው ነው፤ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ቀስትነቱን ትቶ ቀጭን ቋሚ ዘንግ ይሆናል። ሌላው ቀጣዩ ፊደል የሚያርፍበትን ቦታ እያመለከተ የሚርገበገበው መስመር ነው። የማውሱን ቀለምና መጠን ሲለውጡ ዘንጉ አብሮ ይለወጣል። የምትርገበገበው መስመር ግን አትለወጥም፤ የራሷ ገጽ አላት።

በዊንዶውስ 11 በዚያው በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ፣ በታደሰ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በኢዝ ኦፍ አክሰስ ውስጥ «ቴክስት ከርሰር» የሚለውን ይክፈቱ። «ቴክስት ከርሰር ኢንዲኬተር» የሚለውን ሲያበሩ ከመስመሯ አናትና ግርጌ ሁለት ባለ ቀለም ምልክቶች ይቀመጣሉ። ቀለማቸውንና መጠናቸውን ይምረጡ። ዝቅ ሲሉ የመስመሯን ውፍረት የሚወስን ተንሸራታች አለ፤ ከ1 እስከ 20 ይሄዳል፣ 3 ወይም 4 ላይ ያቁሙት። የአማርኛ ሰነድ ለሚያርም ሰው ይህ ከቀስቱ ቀለም በላይ ዋጋ አለው። ፊደሎቻችን የተቀራረቡ ናቸው፤ ረጅም ውል ውስጥ አንድ አራት ነጥብ ወይም አንድ ስም ለማስገባት መስመሯ በየትኞቹ ሁለት ፊደላት መካከል እንዳለች በእርግጠኝነት ማየት ያስፈልጋል። ለቀስቱ ወይን ጠጅ ከመረጡ ለዚህኛው ቀይ ወይም ሰማያዊ ይስጡ፤ ሁለቱ አንድ ቀለም ከሆኑ ውዥንብሩ ይመለሳል።

ለራሳቸው ሕግ የሚገዙ ፕሮግራሞች

አንዳንድ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ጠቋሚ ይዘው ስለሚመጡ የዊንዶውስን ምርጫ አይቀበሉም። ቅንብሩ ያለው በውስጣቸው ነው።

አውቶካድ ላይ የሚታየው የሁለት መስመሮች መስቀል ነው። ትእዛዝ መጻፊያው ላይ «ኦፕሽንስ» ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈው «ኢንተር» ይጫኑ፤ «ዲስፕሌይ» የሚለውን ትር ይክፈቱ። የመስቀሉ መጠን ሲጫን 5 ነው፤ ይህም ከስክሪኑ ስፋት 5 በመቶ ማለት ነው። 100 ካደረጉት መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋሉ። በእርሳስና በቲ ማስመሪያ ለሠለጠነ ባለሙያ 100 ይመቻል፤ ሁለት ግድግዳዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በዓይን ለመፈተሽ ያግዛል። ቀለሙን ለመለወጥ በዚያው ትር «ከለርስ» የሚለውን ተጭነው «ቱዲ ሞዴል ስፔስ»፣ ቀጥሎ «ክሮስሄርስ» ይምረጡ። ቀለሙ አልለወጥ ካለ ለኤክስ፣ ለዋይና ለዜድ ልዩ ቀለም የሚሰጠውን ምልክት መጀመሪያ ያንሱ።

ፎቶሾፕ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማው ቅሬታ «የብሩሹ ክብ ጠፋብኝ» የሚል ነው። ከሁሉ በፊት «ካፕስ ሎክ» በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በርቶ ከሆነ ፎቶሾፕ ክቡን አንሥቶ ትንሽ መስቀል ያደርገዋል። ካጠፉት በኋላ ክቡ ካልተመለሰ ብሩሹ ነጥብ እስኪያክል አንሶ ይሆናል፤ የቀኙን የማዕዘን ቅንፍ ( ] ) ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፣ ያድጋል። ክቡ ግራጫ ፎቶ ላይ የሚሰወርብዎት ከሆነ «ኤዲት» ውስጥ «ፕረፈረንስስ»፣ ከዚያም «ከርሰርስ» ይግቡና በክቡ መሐል መስቀል እንዲታይ የሚያደርገውን ሳጥን ይምረጡ።

ፓወርፖይንት ላይ የሚቸገሩት መምህራንና በስብሰባ ላይ ሪፖርት የሚያቀርቡ ሰዎች ናቸው። ማቅረቡ ከተጀመረ በኋላ ማውሱ ጥቂት ከቆመ ቀስቱ ይሰወራል። ሁልጊዜ እንዲታይ ከፈለጉ በሚያቀርቡበት ገጽ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፖይንተር ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «አሮው ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪዚብል» ይበሉ። ከዚያ የሚሻለው ግን የ«ኮንትሮል»ን ቁልፍ እንደያዙ የማውሱን የግራ ቁልፍ ተጭኖ ማንቀሳቀስ ነው፤ ቀስቱ የሚያበራ የሌዘር ነጥብ ይሆናል። ቀለሙን «ሴት አፕ ስላይድ ሾው» ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማድረግ ይቻላል። ከኋላ ለተቀመጠ ተማሪ ከትንሽ ነጭ ቀስት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ወይም ስክሪን እየቀረጹ ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ሰዎች በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ፓወርቶይስ» የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። የግራውን ኮንትሮል ሁለቴ ሲጫኑት ስክሪኑን ሁሉ አጨልሞ ቀስቱ ያለበትን ክብ ብቻ ያበራል። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ «ሺፍት» እና «ኤች» አብረው ሲጫኑ ደግሞ በየተጫኑበት ቦታ ባለ ቀለም ክብ ስለሚታይ ተማሪው የግራውን ይሁን የቀኙን ቁልፍ እንደነኩ ያያል።

ማክ ያላችሁ፣ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ»፣ ከዚያ «ዲስፕሌይ» ክፈቱ፤ የቀስቱን መጠን፣ የውስጡንና የጠርዙን ቀለም ለየብቻ ትመርጣላችሁ። የቀለሙ ምርጫ ያለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ሞንተሬይ ጀምሮ ነው። ኡቡንቱ ላይ በአክሰሲቢሊቲ ክፍል አምስት የቀስት መጠኖች አሉ፤ ቀለም ለመለወጥ ግን «ጂኖም ትዊክስ» የሚባለውን ጭኖ ሌላ የቀስት ገጽታ መምረጥ ያስፈልጋል።

ቀስቱ ፈጽሞ የለም፣ ወይም ቀለሙ አልጸና አለ

ቀስቱ ከነጭራሹ ከጠፋ ቀለም መለወጥ ምንም አይፈይድም። መጀመሪያ የማውሱን ገመድ ነቅለው ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሰኩት። ላፕቶፕ ላይ የመዳሰሻ ሰሌዳውን የሚዘጋ ቁልፍ በስሕተት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከላይኛው የቁልፍ ረድፍ የመዳሰሻ ሰሌዳ ሥዕል ያለበትን ፈልገው ከ«ኤፍኤን» ጋር ይጫኑት። ከቴሌቪዥን ወይም ከፕሮጀክተር ጋር ተያይዞ የነበረ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ቀስቱ ወደማይታየው ሁለተኛ ስክሪን አልፎ ይሆናል። የዊንዶውስ ቁልፍንና «ፒ»ን አብረው ተጭነው የመጀመሪያውን አማራጭ፣ «ፒሲ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን፣ ይምረጡ፤ ቀስቱ ይመለሳል።

የመረጡት ቀለም ተመልሶ ነጭ ከሆነ ሁለት ቦታ ይመልከቱ። አንደኛው በድሮው የማውስ ሳጥን «ፖይንተርስ» በሚለው ትር ግርጌ ያለው ነው፤ «አላው ቲምስ ቱ ቼንጅ ማውስ ፖይንተርስ» የሚለውን ምልክት ያንሱት። ምልክቱ ካልተነሣ የስክሪኑን ሥዕልና ገጽታ በለወጡ ቁጥር ቀስቱም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛው በኢንተርኔት ቤቶችና በማሠልጠኛ ክፍሎች የሚያጋጥም ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉንም ነገር ወደ ነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም ተጭኖበታል። እዚያ መጀመሪያ ፕሮግራሙን በይለፍ ቃሉ መክፈት፣ ቀስቱን ማስተካከል፣ ከዚያ መልሶ መዝጋት ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው ሰው ጋ ሳይደውሉ አይጀምሩት።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ በፈረቃ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ በቀስቱ ቀለም አትጨቃጨቁ። የቀስቱ ቅንብር የሚቀመጠው በተጠቃሚው መለያ ሥር ነው። በዊንዶውስ 11 እና 10 ከሴቲንግስ «አካውንትስ» ውስጥ ገብታችሁ ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን መለያ ክፈቱ፤ የጠዋቷ ጸሐፊ በትልቁ ጥቁር፣ የማታው በሚወደው ቀለም ይሠራል። የጋራ ሰነዶቻችሁን ግን ከሁለቱም መለያ በሚከፈት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ።